ማር ሻጩ ማር የከለከለኝ ጾም

መቼ እንደነበረ ቁርጡን ልነግራችሁ አልችልም። ጠላት ከመግባቱ በፊት መሆኑን፣ ወቅቱ ዓቢይ ጾም መሆኑን፣ አባቴም ገና ግንድ ላይ ቆመው መጋዝ ይስቡ እንደነበር አውቃለሁ። ዓመቱን ግን እናቴን በሕይወት ሳለች ስጠይቃት አንድ ጊዜ «ታናሽ እህትህ ጥርስ ያወጣች ጊዜ» ትለኛለች፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ «የለም፣ በእግሯ ሄዳ ነበር» ትለኛለች። የራሴንም ዕድሜ የማውቀው በግምት ነው። ያኔ ጢሜ ማቀምቀም ጀምሮ ነበር፤ ሃያ ግን አልሞላኝም ይሆናል።

ነገሩን ያስታወሰኝ ጣቴ ነው። ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷ ጣቴን ወጋ አድርጋ ደሜን አየችና «አባባ፣ ስኳር አለብዎት» አለችኝ። ቀለል አድርጋ ነው የነገረችኝ፤ ልጅቷ ጥሩ ናት። ቤት ስገባ የልጅ ልጄ ሰላም ለፈተና ታጠና ነበር። «እስኪ አንቺ የተማርሽው፣ እኔ ሻይ እንኳ በአንድ ማንኪያ ነው የምጠጣው። ይኼ ስኳር ከየት ገባብኝ?» አልኳት።

ሳቀችብኝ። ደብተሯን ገልብጣ በእርሳስ ትንንሽ ክቦች ሣለችልኝ፤ አንዱን ካንዱ በጭረት አያያዘችው። እናቴ ክር ላይ ትሰካው የነበረውን ጨሌ መሰለኝ። «ይቺ አንዷ ፍሬ ስኳር ናት» አለችኝ። «ማር ውስጥ ፍሬዎቹ ብትን ብለው ነው ያሉት፤ ለዚህ ነው ምላስ ወዲያው የሚያገኛቸው። እንጀራ ውስጥ፣ ዳቦ ውስጥ፣ ድንች ውስጥ ግን በረጅሙ ተሰክተዋል። ሆድ ክሩን ይበጥሰዋል፤ ፍሬዎቹ ወደ ደም ይገባሉ፤ ጉልበት ይሆናሉ። እህሉም እኮ ያከማቸው ለራሱ ነበር፤ ሲበቅል ሊበላው።» ይኼስ ገባኝ። ብቅል ለምን እንደሚጣፍጥ ማንም ሳይነግረኝ ነው ያረጀሁት። ደረቅ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝና «ሳይውጡ ብዙ ያኝኩ» አለችኝ። በቀሩኝ ጥቂት ጥርሶች አላመጥኩት። እውነትም ቆይቶ ጣፈጠኝ።

«እንጨትም ስኳር ነው» አለችኝ ቀጥላ።

«ሂጂ ወዲያ!»

«እውነቴን ነው አባባ። ያው ፍሬ ነው፤ አያያዙ ብቻ ሌላ ነው። የእኛ ሆድ ያንን ቋጠሮ መፍታት አይችልም። ከብቶች ግን ሆዳቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ፈቺዎች አሏቸው፤ ገለባውን የሚፈቱላቸው እነሱ ናቸው። ምስጥም እንዲሁ። ዛፍ የሚቆመው በዚያ ቋጠሮ ነው።»

መሳቅ ጀምሬ ነበር፤ መሐል ላይ አቆምኩ። የእንጨት ዱቄት ክምር ታየኝ፤ በክምሩ ላይ ደግሞ ጥቁር መስመር።

አባቴ ሳንቃ ሰንጣቂ ነበሩ። የምንኖረው ሠራተኛ ሠፈር ነው፤ ዛሬ ፒያሳ ከምትሉት ቁልቁል። ያኔ ፒያሳ የሚባል ስም አልነበረም፤ ሁሉም አራዳ ነበር። ህንዶቹና አርመኖቹ ሰገነት ያለው ቤት ያሠሩ ነበርና ሳንቃ ይፈለጋል። ግንዱ ከእንጦጦ በኩል በበሬ እየተጎተተ ይመጣል። ጥዱ ሲሰነጠቅ መንደሩ ሁሉ ሽታውን ያውቀዋል፤ ባሕር ዛፉ ደግሞ ዓይን ያስለቅሳል። ግንዱን ከሰው ቁመት በላይ በሆነ ርብራብ ላይ እንሰቅለዋለን። አባቴ ከላይ፣ እኔ ከታች ሆነን ትልቁን መጋዝ ሽቅብና ቁልቁል እንስበዋለን። ዛሬ ሰጋቱራ የሚሉት ዱቄት በሙሉ የሚወርደው በእኔ ፊት ላይ ነው። አባቴ «አፍህን ዝጋ፣ እንጨት እንዳትበላ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ከታች ሆኜ የአባቴን ፊት አላይም። ግን በመጋዙ በኩል ሁሉን አውቅ ነበር። ሲቆጡ አሳሳባቸው ያጥራል፤ ደስ ሲላቸው ይረዝማል። ታላቅ ሰው ሲያልፍና ሰላምታ ሲሰጡ እንኳ እጀታው ላይ ይሰማኛል። ስለዚህ ሕመማቸውን ከሰው ሁሉ በፊት ያወቅሁት እኔ ነኝ። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ጀምሮ መጋዙ ወደ ላይ ሲሄድ አንድ ቦታ ላይ ይቆም ጀመር። የደከመ ሰው ቀስ በቀስ ነው የሚዘገየው፤ ይኼ ግን እንደዚያ አልነበረም። ከላይ ያለው ሰው ድንገት የጠፋ ያህል ነበር። ከዚያ ይመለሳል። እኔም ምንም አልልም፤ በእኔ በኩል ገፋ አድርጌ እረዳቸዋለሁ።

ቆይቶ ሌላውም ሰው አየው። አባቴ ሰፊ ሰው ነበሩ፤ በጥቂት ወር ውስጥ ኩታቸው አጥንት ላይ የተሰቀለ መሰለ። በየጥቂቱ ከርብራቡ ይወርዱና ወደ ዱቄቱ ክምር ጀርባ ይሄዳሉ፤ ሽንት ነው። ሳንቃ ተሸካሚዎቹ የአራዳ ልጆች ናቸው፤ አፋቸው አያርፍም። አንዱ «አቶ ደስታ፣ ግንዱን ነው ወይስ ራስዎን ነው የሚሰነጥቁት? በየቀኑ አንድ ሳንቃ ጎደሉብን እኮ!» አላቸው። ሰዉ ሳቀ፤ አባቴም ሳቁ። እኔ ግን ከታች ሆኜ እጀታው ሲንቀጠቀጥ ይዤው ነበር።

እናቴ «ሰውነቱ ደርቋል» አለች። በእኛ ቤት ለደረቀ ሰውነት መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ማር። ጾሙንም አያፈርስም። አባቴ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ጠብቀው ከቅዳሴ ሲመለሱ በትልቁ ዋንጫ ብርዝ ታቀርብላቸዋለች፤ በላዩ በሶ በማር ለውሳ ታጎርሳቸዋለች። አባቴም ብርዙን በአንድ ትንፋሽ ይጨልጡትና «ጨምሪልኝ» ይላሉ። «ጥማቱ እኮ ደግ ነው፤ ሰውነቱ እየተቀበለው ነው» ትለን ነበር እናቴ። ማሩን ከጊዮርጊስ በታች ካለው ገበያ የማመጣው እኔ ነኝ። ቶሎ ቶሎ ያልቃል፤ ቶሎ ቶሎ እሄዳለሁ። አባቴ ብርዙን በጠጡ ቁጥር ይበልጥ ይከሳሉ፤ በከሱ ቁጥር እኔ ወደ ገበያ እሮጣለሁ።

አንድ ጠዋት ከዱቄቱ ክምር ጀርባ ያንን ጥቁር መስመር አየሁት። ጉንዳን ነው። ከቤታችን ግድግዳ ሥር ወጥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ክምሩ ይሄዳል። ምስጥ ቢሆን አይገርመኝም፤ እንጨት ወዳጁ ነው። ጉንዳን ግን ከደረቅ የእንጨት ዱቄት ምን ይፈልጋል? እናቴን ጠራኋት። እሷም ዓይኗን አፍጥጣ አየችውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንድ ነገር ቀብረውብናል» አለች። የሰው ሥራ ነው ማለቷ ነው፤ መተት። አካፋ አምጥቼ ቆፈርኩ። የቀንድ ጫፍ፣ የፀጉር ጉንጉን፣ የሆነ ነገር አገኛለሁ ብዬ ነበር። ምንም የለም። እርጥብ ዱቄት ብቻ ነው፤ ያንን ጉንዳኑ ወሮታል። ባገኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ እሳት ውስጥ እጥለውና እገላገላለሁ።

እናቴ አመድ ነሰነሰችበት። በማግስቱ መስመሩ ከዚያ ጠፋ። ደስ አለን። ከሁለት ቀን በኋላ ግን አባቴ አዲስ ቦታ ለምደው ወደ አጥሩ ጥግ መሄድ ሲጀምሩ ጉንዳኑ በሦስት መስመር ሆኖ አጥሩ ጥግ ተገኘ። ያኔ ፍርሃቴ ሌላ ሆነ። ጉንዳኑ ክምሩን አልነበረም የፈለገው፤ አባቴን ነበር የሚከተለው።

በዚያው ሰሞን ነው ያየሁትን ያየሁት። ፀሐዩ ይፋጃል፤ የበልጉ ዝናብ ገና አልመጣም። ገና እኩለ ቀን ነበር። ከአንዱ ደንበኛ ዘንድ ተልኬ ስመለስ አባቴ ከርብራቡ ሥር ተንበርክከው አገኘኋቸው። መጋዙን የምናቀዘቅዝበት የእንጨት ገበቴ አለን፤ ውሃው ዱቄት የሰፈፈበት፣ ዝገት የገባበት ነው። አባቴ ሁለት እጃቸውን አግጥመው ከዚያ ውስጥ እየጨለፉ ይጠጡ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ምራቃቸውን እንኳ የሚጠነቀቁ ሰው ናቸው። ቀና ሲሉ አዩኝ። ጢማቸው ላይ የእንጨት ዱቄት ተጣብቋል።

«አየኸኝ» አሉኝ።

ዓይኔን ወደ ገበቴው መለስኩ።

«ውስጤ እየተቃጠለ ነው፣ ተሰማ። ሰይጣን ነው የሚያስጠማኝ። ለማንም እንዳትናገር፤ ለእናትህም፣ ለመምሬም። ማል።»

ማልኩ። በዚያ ዕድሜ አባትህ ተንበርክኮ ሲለምንህ ምን ታደርጋለህ?

በዚያው ሳምንት የጣታቸው ነገር መጣ። የግራ እግራቸውን አውራ ጣት ስንጥር ወጋቸው፤ ከዚህ በፊት መቶ ጊዜ የወጋቸው ዓይነት ነው። ስንጥሩን አወጣሁት። ቁስሉ ግን አልዘጋም፤ ሁለት እሑድ አለፈ፣ አፉን እንደከፈተ ነው። ሕመሙ እንኳ አይሰማቸውም ነበር። እናቴ ማር ቀባችበት፤ ለማሩም እንደገና ላከችኝ።

ማር ሻጩ ጉራጌ ነው፣ እስላም። ከእኔ አሥር አሥራ አምስት ዓመት ቢበልጠኝ ነው። ገንቦዎቹን በኮባ ቅጠል ሸፍኖ ከመንገዱ ዳር ይቀመጣል። ሥራውን እንጂ ስሙን ጠይቄው አላውቅም፤ ሁላችንም «ማር ሻጩ» ነበር የምንለው። ዕቃዬን ስዘረጋለት አልተቀበለኝም።

«በዚህ ሳምንት ሦስተኛህ ነው። ይኼን ሁሉ ማር ማን ነው የሚበላው?»

«ድግስ አለብን።»

«በጾማችሁ ድግስ? አንተ ጎረምሳ፣ እስላም ብሆን የእናንተን ጾም የማላውቅ መሰለህ? ሰው ታሞባችኋል?»

ያን ጊዜ ፊቴ ተናገረብኝ መሰለኝ፤ ከጎኑ ያለውን ዱካ ሳብ አድርጎ አስቀመጠኝ።

«ይጠማዋል?»

«በጣም።»

«ይከሳል? እየበላ ይከሳል?»

«አዎ።»

ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ እስከ ዛሬ ድረስ ፀጉሬ የሚቆምበትን ጥያቄ ጠየቀኝ። «የሚሸናበት ቦታ ላይ ጉንዳን ይመጣል?»

ይኼን ለማንም አልተናገርንም። እናቴ አጥሩን በኩታ ጋርዳ ነበር የምትጠርገው። «አባቴ ላይ ያስቀበርከው አንተ ነህ እንዴ?» አልኩት፤ ሌላ ሐሳብ አልመጣልኝም።

አልተቆጣኝም። «ወንድሜም እንዲህ ታሞ ነበር» አለኝ። «አገር ቤት። ከእኛ ቤት ማር አይጠፋም፤ በየቀኑ በእጄ አበላው ነበር፣ ይበረታል ብዬ። ከቀበርነው በኋላ ነው አንድ ሽማግሌ የነገሩኝ። የበላው ጣፋጭ ሰውነቱ ውስጥ አይቆይም፤ ሳይጠቅመው እንዳለ በሽንቱ ይወጣል። ጉንዳኑ የሚመጣው ማሩን ፍለጋ ነው። አንተ ከእኔ ትገዛለህ፣ አባትህ ይጠጣሉ፣ ጉንዳን ይበላዋል። ለአባትህ የሚተርፈው ጥማቱ ብቻ ነው።» ከዚያ የገንቦውን አፍ በኮባው ከደነና በገመድ አሠረው። «ከዛሬ ጀምሮ ለአንተ ማር የለኝም። ከሌላው ብትገዛም እሰማለሁ፤ የማር ተራ ሁሉ ዘመዴ ነው።»

«ታዲያ ምን ይብሉ?»

«ማር፣ ጠላ፣ ጠጅ፣ በሶ፣ ዳቦ ይቅር። እንጀራውም ትንሽ ይሁን። ጎመን፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ሥጋ ስጧቸው።»

«ጾም ነው እኮ!»

«እሱን ከቄሳችሁ ጋር ተነጋገሩ» አለኝ። «በእኛ የታመመ አይጾምም። የእናንተ አምላክ ደግሞ ከእኛው የከፋ አይመስለኝም።»

ባዶ ዕቃዬን ይዤ ቁልቁለቱን ወረድኩ። እናቴ ስትሰማ ጮኸችብኝ። «ማር ሰው ይገድላል? ይኼ ሰውዬ ጾማችንን ሊያስፈታን ነው!» አለች። እግዜር ይማራት፤ ፈርታ ነው። በእጇ ያጎረሰችው ሁሉ ትዝ ብሏት ነው። እኔም እጄን አያለሁ፤ ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። አባቴ ደግሞ መደባቸው ላይ ጋደም እንዳሉ «ሞትም ከሆነ በጾሜ ይምጣ። በሁዳዴ ሥጋ በልቼ ምን ፊት ይዤ እቀርባለሁ?» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። በማግስቱ ርብራቡ ላይ ወጥተው ሦስት ጊዜ ከሳቡ በኋላ መጋዙ ቆመ። ጠበቅሁ፤ አልተመለሰም። ቀና ስል ግንዱን አቅፈው አየኋቸው፤ እንዳይወድቁ ነው።

አውርጄ አስተኛኋቸውና በቀጥታ ወደ ጊዮርጊስ ሄድኩ። የነፍስ አባታችን መምሬ ጥሩነህ ቅጽሩ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። ስለ ሕመሙ ነገርኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለታመመ ይፈቀዳል። ግን ደስታን አውቀዋለሁ፤ እኔ ብፈቅድለት እሱ ለራሱ አይፈቅድም» አሉኝ። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የማልኩበት። እሱንም ተናገርኩ። ገበቴውን፣ ዝገቱን፣ እኩለ ቀኑን፣ ጢማቸው ላይ የተጣበቀውን ዱቄት፣ ሁሉንም። መምሬ ሰሙኝና መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ።

ቤት ገብተው ከመደቡ አጠገብ ተቀመጡ። «ደስታ፣ በጾም ውሃ ጠጥተሃል» አሏቸው።

አባቴ ወደ እኔ ተመለከቱ። ስለዚያ አስተያየት ብዙ አልናገርም። ሰው ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«ጠጥቻለሁ አባቴ» አሉ።

«ደብቀኸኛልም።»

«ደብቄአለሁ።»

«እንግዲያው ቀኖና አለብህ። ስግደት አልሰጥህም፤ አትችልም። ቀኖናህ አለመጾም ነው። እስከ ፋሲካ፣ ከፋሲካም በኋላ እኔ እስክፈታህ ድረስ፣ ሚስትህ ያቀረበችልህን እንቁላልና ሥጋ በሰው ፊት ትበላለህ። ታፍራለህ፤ እፍረቱ ንስሐህ ነው። እምቢ ካልክ ልጄ አይደለህም።»

አባቴ አለቀሱ። ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር። እናቴ ጓዳ ገብታ እንቁላል ጠበሰች፤ የቅቤው ሽታ በሁዳዴ ከእኛ ቤት ሲወጣ ጎረቤቱ ሁሉ አንገቱን አወጣ። አባቴ የመጀመሪያዋን ጉርሻ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጧት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ነው። አባቴ አላናገሩኝም፤ አሳባቂ ልጅ ሆኛለሁ። እናቴም ለመምሬ ብላ እንጂ አላመነችም። በየጠዋቱ ወደ አጥሩ ጥግ ሄጄ ጉንዳኑን አያለሁ፤ አለ። ተስፋ ልቆርጥ ስል አንድ ቀን ማር ሻጩ ከነገበያው አቧራ በራችን ላይ ቆመ። ከሚስቱ አይብ በቅጠል ጠቅልሎ ይዟል። ቤት አልገባም፤ በቀጥታ «ጉንዳኑ የታለ?» አለኝ። አሳየሁት። ቁጢጥ ብሎ ብዙ ጊዜ ሲያየው ቆየና «ባለፈው በስንት መስመር ነበር የሚመጣው?» አለኝ።

«በሦስት።»

«አሁን አንድ ነው» አለኝ። እኔ ሳላስተውል በየቀኑ ሳየው ከርሜ ነበር። በሳምንቱም መጣ፤ በሌላውም ሳምንት መጣ። አይቡን ይሰጠኛል፣ አጥሩ ጥግ ቁጢጥ ይላል፣ ይሄዳል። ከሰሙነ ሕማማት በፊት ጥጉ ባዶ ሆነ።

ከፋሲካ በኋላ አባቴ ርብራቡ ላይ ወጡ። ከታች ቆምኩ። አሁንም አያናግሩኝም። መጋዙ ወደ ላይ ሄደ፤ እዚያች የለመድኳት ቦታ ላይ ሲደርስ ትንፋሼን ያዝኩ። አልቆመም። ረጅም አሳሳብ ነበር። ከዚያ ድምፃቸው ከላይ መጣ። «አፍህን ዝጋ፣ እንጨት እንዳትበላ።»

ዳኑ ልላችሁ ብችል ደስ ይለኝ ነበር። ጥማቱ በረደ፣ ሥጋቸውም ጥቂት ተመለሰ፤ ጣታቸው ግን አፉን አልገጠመም። ይሻለዋል፣ ይብሳል፤ እንደዚያ ጥቂት ክረምት ቆይቶ ጠቆረ፣ ከጣት ወደ እግር ወጣ። ጦርነት ይመጣል መባል ሲጀምር ቀበርናቸው። ያተረፍንላቸው ጥቂት ዓመት ነው፤ እኔ ግን በእነዚያ ዓመታት ነው ከርብራቡ ላይ ወጥቼ ከላይ መሳብ ከእሳቸው የተማርኩት።

ሰላም ይኼን ሁሉ ስነግራት ደብተሯን ዘግታ ነበር የምትሰማኝ። ዕድሜ ልካችንን ስንሰነጥቀው የኖርነው ግንድ የስኳር ፍሬ መሆኑን፣ ጉንዳኑ ግን ያንን ሊፈታው ስለማይችል አልፎት የአባቴን ሽንት እንደመረጠ አሁን ገባኝ። ዛሬ ጠዋት ማንም ሳያየኝ ወደ ግቢያችን ጥግ ሄጄ ጎንበስ ብዬ መሬቱን አየሁ። ሁለት ጉንዳን አየሁ። መንገደኞች ይሆናሉ፤ ወይም መንገድ ጠራጊዎች። ሻዬን ያለ ስኳር ጠጣሁ።

«መሣሪያ በሌለበት ዘመን ያወቀላችሁ ያ ማር ሻጭ ስሙ ማን ነበር?» አለችኝ ሰላም።

የአባቴ ቀብር ዕለት ከቅጽሩ ውጪ፣ ከግንቡ ጀርባ፣ ብቻውን ቆሞ አየሁት። ወደ ውስጥ አልገባም፤ ሥርዓታችንን አክብሮ ነው። ወጥቼ አቀፍኩት፤ ያን ጊዜ ብቻ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ አፍሬ ስሙን ጠየቅሁት።

ከድር ነበር ስሙ።